ምክር ቤት ለመግባት ሕግ መማር አለብኝ ወይ?

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ውስጥ የፖለቲካ ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሕልሜ የግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል መሆን ነው። መጀመሪያ ሕግ ልማር ወይስ ለመወዳደር ልዘጋጅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሕግ መማር ግዴታ የለብሽም። ዜጋ መሆን፣ 21 ዓመት መሙላት፣ የመምረጥ መብት፣ በግዛቱ 2 ዓመት፣ በምርጫ ወረዳሽ ደግሞ የመጨረሻውን 1 ዓመት መኖር ይበቃል። እኔን ያሳሰበኝ ያልጠየቅሽው ነው፦ በምን ትተዳደሪያለሽ?

የቴክሳስ ሕግ አውጪ ደመወዝ በወር 600 ዶላር ነው። በጉባኤ ወቅት የቀን አበል ቢታከልበትም ዓመቱን ሙሉ አያኖርም። መደበኛው ጉባኤ በየሁለት ዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ተጀምሮ እስከ 140 ቀን ዋና ከተማው ኦስቲን ያከርምሻል፤ አገረ ገዥው ልዩ ጉባኤ ሊጨምርበትም ይችላል። ይህን ያህል ጊዜ የሚለቅሽ አሠሪ ማን ነው? በየምክር ቤቱ ጠበቆችና የራሳቸው ንግድ ያላቸው ሰዎች የማይጠፉት አንዱ ለዚህ ነው። ባራክ ኦባማም ከ1997 እስከ 2004 በኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር ሳሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕግ ያስተምሩ ነበር። ኒው ዮርክ ብትሆኚ ሌላ ነው፤ እዚያ በዓመት 142,000 ዶላር ይከፈላል። ኒው ሃምፕሸር ደግሞ 100 ዶላር ብቻ! ስለዚህ ሕግን የምትማሪው ሙያውን ከወደድሽው፣ ጊዜሽንም በራስሽ እንድታዝዢ ከረዳሽ ይሁን።

ሥራውንም ከሩቅ አትዪው። በየጉባኤው በሺዎች የሚቆጠሩ ረቂቆች ቀርበው አብዛኞቹ ሕግ ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ ብዙዎቹም ኮሚቴ ውስጥ። የአባሉን ቢሮ በር የሚያንኳኳው ግን የሥራ አጥ ድጎማው የተቋረጠበት፣ የሙያ ፈቃዱ ወራት የዘገየበት መራጭ ነው። የዚህን ሰው ወረቀት ይዞ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት መደወል ካሰለቸሽ ወንበሩም ይሰለችሻል። እኔ ይህን ክፍል ከንግግሩ አስበልጠዋለሁ፤ ሰው ዳግም የሚመርጥሽ ስልኩን ስላነሳሽለትም ነው።

አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጊ። የወረዳሽን ተወካይ ቢሮ ለቀጣዩ ጉባኤ ተለማማጅ እንዲቀበልሽ ጠይቂ። ከፓርቲሽ ባይሆኑም ግድ የለም፤ የመራጭ አቤቱታ ማስተናገድ በሁለቱም ቢሮ አንድ ነው። እስከዚያው ከምትወጂው ጉዳይ አንድ ረቂቅ ምረጪና የኮሚቴ ስብሰባውን ቅጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልከቺ፦ ማን መሰከረ፣ የትኛው አንቀጽ ተቀየረ፣ በማን ጥያቄ? ማስታወሻሽን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።