ስለ ውድ ሰንጢ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ታጣፊ ቢላዋ፣ በተለይ ስለ ውዶቹ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ መጣ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። የምሠራው ቶርኖ ቤት፣ ብረት ስቆርጥና ሳስተካክል ነው የምውለው። ኪሴ ውስጥ ሰንጢ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሰበንዛ የሚባል ሰንጢ ከ400 ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛ። ወጥ ቤቴ ያሉት ቢላዎች በሙሉ ቢደመሩ ይህን አያወጡም። ጤነኛ ነው?

መልስ፦ ጤነኛ ነው፣ እህቴ። ግን መጀመሪያ ያንቺን እውነት ልቀበል። በመቁረጥ ብቻ ያ ሁሉ ገንዘብ አይመለስም። ኦፒኔል የሚባል የፈረንሳይ ሰንጢ አለ። ከ1890 ጀምሮ ይሠራል፣ እጀታው እንጨት ነው፣ ዋጋው 20 ዶላር አካባቢ ነው። ስለቱ ስስ ስለሆነ ፖም ሲቆርጥ ከሰበንዛ ይሻላል።

የባለቤትሽ ገንዘብ የገባው አሠራሩ ላይ ነው። ሰበንዛን የሠራው ክሪስ ሪቭ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በ1989 ወደ አሜሪካ መጣ፤ ፋብሪካው አይዳሆ፣ ቦይሲ ከተማ ነው ያለው። ከእሱ በፊት ብዙዎቹ ታጣፊ ቢላዎች የሚቆለፉት እጀታው ውስጥ ለብቻው በገባ ሞላ ወይም ስስ ብረት ነበር። ሪቭ ያንን አስቀረው። የቲታኒየሙን እጀታ አንዱን ጎን ሰንጥቆ ራሱን ሞላ አደረገው። ቢላዋው ሲከፈት ያ ጎን ከስለቱ ኋላ ገብቶ ይደግፈዋል። እጅ አጥብቆ ሲይዘው ቁልፉም አብሮ ይጠብቃል። ዛሬ ይህን አቆላለፍ የማይሠራ የቢላዋ አገር የለም ማለት ይቻላል።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። መሥራቱ ነው ጉዱ። ሁለት ጎን፣ አንድ ስለት፣ ጥቂት ብሎን። ክፍሎቹ ጥቂት ሲሆኑ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለም። ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ልዩነት እንኳ ስለቱን ሲታጠፍ ወደ አንድ ጎን ያጋድለዋል፣ ሲከፈት ደግሞ ያወዛውዘዋል። ይህን በየቀኑ ስለምታገለው ጥሩ ሥራ ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ከሰበንዛው ጋር መፍቻ ቁልፍና ግራሶ አብሮ ይመጣል። ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ እንዲገጥመው ነው። ዛሬ የምንገዛው ዕቃ አብዛኛው ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል። ይኼኛው ክፈቱኝ ይላል።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ካስቀመጠው ተቆጪው። ካርቶን ይክፈትበት፣ ብርቱካን ይላጥበት፣ እጀታው ይጫጫር። የተሠራው ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። እኛ ሰፈር ሰንጢ የያዘ ሰው ዱርዬ ወይም ኪስ አውላቂ ነው። እናንተ እንዴት ትኮሩበታላችሁ?

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኔም ያደግኩት እዚያው ነው። ሰንጢ ሲባል እናቴ ፊቷ ይለወጥ ነበር። ስሙን ያጠፉት ሰዎች ነበሩ፣ ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቁርጥ ቤት ስንገባ ግን ለእያንዳንዳችን ቢላዋ ይቀርባል፣ ማንም አይደነግጥም። ምን ሊሠራበት እንደቀረበ ሁሉም ያውቃል። እኔም ሰንጢዬን ሰው ፊት የማወጣው ሥራ ሲኖር ብቻ ነው። ቀስ ብዬ በሁለት እጄ እከፍታለሁ፣ ቆርጬ እጨርሳለሁ፣ አጥፌ እመልሳለሁ። ሰው ፊት ጠቅ እያደረጉ መጫወት ነውር ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ራሴን ለመከላከል የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ የትኛውም አይሻልህም። ለዚያ ብለህ ከሆነ አትግዛ። ጠብ ውስጥ ቢላዋ የሚያወጣ ሰው ወይ ሆስፒታል ወይ እስር ቤት ይገባል። እግርህ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ሻጮቹ የብረቱን ስም እንደ ጸሎት ይደጋግማሉ። ኤስ 30 ቪ፣ ማግናከት... ልዩነት አለው ወይስ ማሻሻጫ ነው?

መልስ፦ አለው፣ ግን እነሱ የሚሉትን ያህል አይደለም። ቢላዋ ከሚሠራበት ብረት ሦስት ነገር እንፈልጋለን። ቶሎ እንዳይዶለዱም፣ እንዳይሸራረፍ፣ እንዳይዝግ። ችግሩ አንዱን ስትጨምር ሌላው ይቀንሳል።

የቀለጠ ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያሉት ጠንካራ ቅንጣቶች አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ስለቱ የሚሸራረፈው እዚያ ጋ ነው። ስለዚህ የቀለጠውን ብረት በጋዝ ኃይል በትነው ዱቄት ያደርጉታል፣ ከዚያ በሙቀትና በግፊት መልሰው ያጣብቁታል። ቅንጣቶቹ ትንንሽና እኩል የተበተኑ ይሆናሉ። ኤስ 30 ቪ በዚህ መንገድ ተሠርቶ በ2001 ወጣ፤ ክሪስ ሪቭም አማካሪ ነበር። ማግናከት የመጣው በ2021 ነው። የቀመረው ላሪን ቶማስ የሚባል የብረት ሳይንቲስት ነው። ዝገት የሚከላከለውን ክሮሚየም 11 በመቶ አካባቢ ብቻ አደረገው። ትንሽ ይመስላል። ግን ያ ክሮሚየም ከካርቦን ጋር ተጣብቆ ጠንካራ ቅንጣት ከመሆን ይልቅ ብረቱ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚቀር ዝገት በመከላከል ሥራ ላይ ይውላል። ጥንካሬውን የሚሰጡት ቫናዲየምና ኒዮቢየም የሚባሉ ሌሎች ብረታ ብረቶች ናቸው። ሦስቱን ነገር እንዲህ አስታርቆ የያዘ ብረት ብዙ የለም። እኔ ይህን ሳነብ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይሁንና ተራ ብረት በጥሩ እሳትና ቅዝቃዜ ከተሠራ፣ በግዴለሽነት ከተሠራ ውድ ብረት ይበልጣል። ስሙን ሳይሆን የሠሪውን እጅ እመን።

ጥያቄ፦ ቤት ስትሆን ግን ስትከፍተው ስትዘጋው ትውላለህ ይባላል። ምኑ ነው የሚጥመው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ እውላለሁ። ማጠፊያው ላይ ወይ የነሐስ ቀለበት ወይ ትንንሽ ኩሽኔታ አለ። ቁልፉ ጫፍ ላይ ደግሞ ከሴራሚክ ወይም ከብረት የተሠራች ትንሽ ኳስ አለች። ስለቱ ሲታጠፍ ኳሷ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፤ ኪስ ውስጥ ራሱ እንዳይከፈት የምትይዘው እሷ ናት። ጣትህ ሲገፋ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ይለቃል፣ መጨረሻ ላይ ቋ ብሎ ይቆማል። የኩሽኔታው ፈጣን ነው፣ የነሐሱ ደግሞ ከባድና ለስላሳ። እኔ የነሐሱን እወዳለሁ። አሸዋና አቧራ ቢገባበትም ይችለዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለንደን ልትጎበኝ ልትሄድ ነው። ይዛ ብትሄድ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ እባክዎ አይፍቀዱላት። እንግሊዝ አገር ያለ በቂ ምክንያት መያዝ የሚቻለው ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.6 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠና የማይቆለፍ ታጣፊ ብቻ ነው። ከተቆለፈ፣ ስለቱ ቢያጥርም ወንጀል ነው። ጀርመን በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን ያለ ምክንያት ይዞ መዞር ይከለክላል። እስራኤልም ያለ በቂ ምክንያት ቢላዋ ይዞ መንቀሳቀስ ያሳስራል። አሜሪካ በየግዛቱ ይለያያል። እኛ ኮሎራዶ ስለቱ ከ3.5 ኢንች የበለጠውን ደብቆ መያዝ ክልክል ነው። አውሮፕላን ከሆነ ሁሌም በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፣ በእጅ ሻንጣ በፍጹም። የምትኖሩበትን አገር ሕግ ሳታነቡ አንድ ሰንጢ እንኳ አትግዙ።

ጥያቄ፦ ቁርጥ እንደ ሰበንዛ የሆነ በ30 ዶላር አገኘሁ። ቻይና የተሠራ ነው። ምን ትላለህ?

መልስ፦ አትግዛው። ቻይና ስለሆነ አይደለም። ጓንግዶንግ ውስጥ ያንግጂያንግ የምትባል የቢላዋ ከተማ አለች። እዚያ የሚገኘው ዊ ናይፍ የሚባል ፋብሪካ የራሱን ንድፍ የትም ከሚሠራው እኩል አድርጎ ያወጣል፣ በኩራት እይዘዋለሁ። ያንተኛው ግን የሰው ድካም የተሰረቀበት ነው። ብረቱ ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ቁልፉ ጣትህ ላይ ቢለቅ የሚጠየቅ የለም። 30 ዶላር ካለህ ኦፒኔል ገዝተህ መልስ ትቀበላለህ። ሌላ ገንዘብ ከጨመርክ እዚሁ ጎረቤቴ ጎልደን ከተማ ያለውን ስፓይደርኮ የሚባል ቢላዋ ሠሪ እይ። ስለቱ ላይ በአውራ ጣት መክፈቻ ክብ ቀዳዳና ኪስ ጠርዝ ላይ የሚያያዝ ክሊፕ ያለው ሰንጢ በ1981 ያወጣው እሱ ነው። ዴሊካ የሚባለው ሰንጢው 71 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ኪስ ውስጥ መኖሩን ትረሳዋለህ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ሰንጢ አለኝ፣ ደነዘ። መንገድ ላይ ለሚስሉት ልስጣቸው?

መልስ፦ አይስጡ፣ አባቴ። የሚሽከረከረው ድንጋይ ጠርዙን ያግላል። ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ፣ ያን ያህል ብረት ተፍቆ ካልተጣለ አይመለስም። በእጅዎ ይሳሉት። ቫናዲየም የበዛበት ብረት ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ከተራ ድንጋይ ይጠነክራሉ፣ ስለዚህ አልማዝ የተቀባ ሰሌዳ ይግዙ። ሰንጢውን ወደ 20 ዲግሪ ያዘንብሉት፣ አንዱን ጎን ብቻ ይሳሉ። በሌላው ጎን ከስለቱ ጀርባ ወደ ጠርዙ በጣት ሲዳስሱ የሚይዝ ቀጭን ነገር እስኪሰማዎት ድረስ አያቁሙ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሳይደርስ ይገለብጣል። ከዚያ ሌላውን ጎን እንዲሁ ያድርጉ። መጨረሻ ላይ ጎን እያፈራረቁ፣ ሳይጫኑ፣ በጣም ቀስ ብለው። እንደ ቀበቶ ያለ የተለፋ ቆዳ ላይ፣ ጠርዙን ወደ ኋላ አድርገው ጥቂት ጊዜ ይጎትቱት። ወረቀት ሳይቀድ ከቆረጠ በቃ፣ በጨርቅ ጠርገው ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይጨምሩበት።