ዘንዶው የሚጠብቀው ድልድይ

ጥያቄ፦ «ዳርክ ሶልስ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ፣ አንዴድ በርግ በሚባለው ከተማ ያለውን ትልቁን ድልድይ ልሻገር ስል ቀዩ ዘንዶ በእሳት ይፈጀኛል። መላ አለው?

መልስ፦ አለው። እስከ ዳር ድረስ በአንድ ትንፋሽ ለመሻገር ግን አይሞክሩ። ዘንዶው እሳቱን ተፍቶ እንዳበቃ እስከ ድልድዩ እኩሌታ ይሩጡና በስተቀኝ ባለው ደረጃ ይውረዱ። ታች ያሉትን አይጦች ገድለው መሰላሉን በእግር ገፍተው ያውርዱት። ከዚያ በኋላ ከቦንፋየሩ (ከማረፊያው እሳት) ተነስተው በአቋራጭ ይወጣሉ። (ድልድዩ ላይ በእሳቱ የሚያልቁት ወታደሮች ነፍስም፣ ማለትም የጨዋታው መገበያያ፣ ለእርስዎ ይቆጠራል፤ ነፃ ሲሳይ ነው።)

ትልቁ ትርፍ ግን የዘንዶው ጅራት ነው። ከድልድዩ ሥር ሆነው ቀና ሲሉ ተንጠልጥሎ ያዩታል። እዚያው አካባቢ ካለው ነጋዴ አጭር ደጋን በ1,000 ነፍስ ይግዙ፤ 7 የጉልበትና 12 የቅልጥፍና ነጥብ ይጠይቃል። ቀስት ከ50 በላይ ይያዙ። መሃል ላይ ቦንፋየር ካረፉ ዘንዶው ስለሚያገግም ልፋትዎ ከንቱ ይሆናል። ጅራቱ ሲቆረጥ ድሬክ ሶርድ የተባለውን ሰይፍ ያገኛሉ፤ ለመያዝ 16 ጉልበትና 10 ቅልጥፍና ያስፈልጋል። የማጥቃት ኃይሉ 200 ነው፤ ለጀማሪ እጅግ ብዙ። ጉልበትዎን ቢያሳድጉም ግን አይጨምርም፤ ስለዚህ ሰይፉን ለማሻሻል ብለው ብርቅ የሆነውን የዘንዶ ቅርፊት አያባክኑበት።