መሪ ሳዞር ቀጭ ቀጭ ይላል

ጥያቄ፦ ቪትዜ መሪ እስከ ጥግ ስጠመዝዝ ከግራ ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ ትላለች። መካኒኩ «ሙሉው አክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ይቀየር» አለኝ። አቅሜ አይፈቅድም። ከጅማ

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ሲዞር ብቻ ከጮኸ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው የውጪው ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም በጎማው በኩል ያለው የአክስሉ ተጣጣፊ መጋጠሚያ ነው። እሱ ለብቻው ይገዛል። እኔም ክረምት ላይ የአጋሮን መንገድ ስመላለስ ጆይንቱን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዶ ጭቃ ገባበት። ሲፈታ ውስጡ ያሉት 6 ኳሶች የሚሄዱበትን ቦይ ቦርቡረውታል፤ ጥፍሬን ይዞ ያስቀረው ነበር። እዚህ ከደረሰ ግሪስ መጨመር ብር ማባከን ነው። ያገለገለ ካገኘህ ጠርገህ በጣትህ ዳስሰው፤ ጉድጓድ ካለው ተወው። ጥርሱንም ከአሮጌው ጋር ቁጠር። ሽፋኑና ግሪሱ ግን አዲስ ይሁኑ። «በብየዳ እሞላልሃለሁ» የሚልህን እሺ እንዳትል! በቀኝ በኩል ሽፋኑ ተቀዶ ገና ካልጮኸ፣ አሁኑኑ አሳጥበህ አሽፍነው።