የተከፈተ የጓርኒሲዮን ሲሊኮን እስከ መቼ ይሠራል?

ጥያቄ፦ የመኪናዬ የዘይት ቋት ስለሚያንጠባጥብ ራሴ ፈትቼ ልለጥፈው ነው። ከዓመት በፊት ከፍቼ የተረፈኝ ጥቁር የጓርኒሲዮን ሲሊኮን (ዘይት እንዳያፈስ በሁለት ብረቶች መገጣጠሚያ ላይ የሚቀባው) ቤት አለ፤ ቱቦው ላይ 05/2024 የሚል አለበት። ልጠቀምበት ወይስ አዲስ ልግዛ? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ መጀመሪያ ቁጥሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡት። 05/2024 ማለት በእኛ ግንቦት 2016 አካባቢ ነው። «2024 ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል» የሚል ባለሱቅ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ቀጥሎ ቀኑ የተመረተበት ይሁን የሚያበቃበት ይለዩ። ያልተከፈተ ሲሊኮን እንደ ዓይነቱ ከተመረተ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ እሱም ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የከረመ ቱቦ ቀኑ ሳይደርስ ያረጃል።

አንዴ ከተከፈተ ግን የታተመው ቀን ብዙም አይረዳዎትም። ሲሊኮን የሚጠነክረው ከአየር በሚወስደው እርጥበት ስለሆነ፣ ክዳኑ ቢዘጋም በአፉ በኩል ቀስ በቀስ ይደርቃል። አፉ ላይ የደረቀው ቡሽ ብቻውን አያስጥልም፤ እንዲያውም የውስጡን የጠበቀው እሱ ነው። በሚስማር ነቅለው ያውጡት። ከዚያ ቱቦውን በጣት ይጫኑት፤ ጓል ጓል የሚል ነገር ከተሰማዎት ይጣሉት።

ለስላሳ ከሆነ ፌስታል ላይ የክብሪት እንጨት ያህል ወፍራም መስመር ያውጡ። ከ20 ደቂቃ በኋላ በጣት ጫፍ ሲነኩት ቆዳ አበጅቶ ጣት ላይ መጣበቅ ማቆም አለበት። በማግስቱ ልጠው ይሳቡት። እንደ ጎማ ተለጥጦ ከተመለሰ ይሠራል። ካጣበቀ ወይም ከተፈረፈረ አይሆንም፤ የላላ ቁራጭ ቋቱ ውስጥ ወድቆ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ከደፈነ ሞተሩ ያለ ዘይት ይቀራል። ለአንድ ቱቦ ብሎ እዚህ መድረስ አያዋጣም።

ሲለጥፉ አሮጌውን ሙልጭ አድርገው ይፋቁ፤ ናፍጣ ቅባት ስለሚተው በአልኮል ይጥረጉ። 3 ሚሊ ሜትር መስመር በብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጠኛ ጎን ያለ ክፍተት ያዙሩ፤ ቆዳ ሳያበጅ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይግጠሙት። የበዛው ወደ ውስጥ ነው የሚገባውና «ይጠንክር» ብለው አያብዙ። ብሎኖቹን በጣት ብቻ አስይዘው አንድ ሰዓት ይጠብቁ፣ ከዚያ ያጥብቁ። ዘይት የሚሞላው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። በጎንደር የበጋ ወራት ግን አየሩ ደረቅ ስለሆነ 48 ሰዓት ይስጡት፤ በክረምት የአንድ ቀኑ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ የብሎን ማጠንከሪያ ፈሳሽ ገዝቼ ጠርሙሱ ሙሉ አይደለም። ተቀንሶልኝ ይሆን? (ከማራኪ)

መልስ፦ አልተቀነሰም። ይህ ፈሳሽ የሲሊኮን ተቃራኒ ነው፤ አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ይጠነክራል። ጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ አየር ስለሚያስፈልገው ሆን ተብሎ አይሞላም። ወደ ቆርቆሮ ዕቃ አይገልብጡት፤ የጠርሙሱን ጫፍም ብሎኑ ላይ አያስነኩ። ተርፎ ብረት የነካውን ጠብታ መልሰው ካስገቡ ጠርሙሱ ሙሉው ሊጠነክር ይችላል።