ሴፍቲውን ከሁሉም በፊት ምረጡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ 12ኛ ክፍል ናት። ዊሊያምስ፣ አምኸርስት ወይም ስዋርዝሞር ከሚባሉት የሊበራል አርትስ ኮሌጆች አንዱ ካልሆነ ትላለች፤ አንቺና ባለቤትሽ ደግሞ ስማቸውን ሰምታችሁ አታውቁም። ስንት ቦታ ታመልክት፣ ለሴፍቲስ፣ ማለት በእርግጠኝነት ለምትገባበት መጠባበቂያ፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይበቃል ወይ ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ሁለት ልጆቼን በዚሁ መንገድ አሳልፌያለሁ። በመጀመሪያው ተሳስተን በሁለተኛዋ ታረምን። የምጽፍልሽ ከዚያ ነው።

ልጅሽ ጥሩ ዓይን አላት። ሊበራል አርትስ ሲባል ሥዕልና ቴአትር ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ወላጆች አሉ። ባዮሎጂውም፣ ሒሳቡም፣ ኢኮኖሚክሱም አለ፤ ስዋርዝሞር ኢንጂነሪንግ ሳይቀር ያስተምራል። ልዩነቱ ትንሽነታቸው ነው። ዊሊያምስ ያለው 2,000 ገደማ ተማሪ ነው። ፕሮፌሰሩ ልጆቹን በስማቸው ያውቃቸዋል። ነገ ሜዲካል ስኩል ልግባ ብትል የድጋፍ ደብዳቤዋን የሚጽፍላት በቅርብ የሚያውቃት ሰው ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን "ልጅሽ የት ገባች?" ሲሉሽ ስሙን የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ይሁን፤ የምትማረው እሷ ናት።

ችግሩ ሦስቱም ከ100 አመልካች 10 እንኳ አይቀበሉም። ሙሉ ኤ ያላቸው ልጆች በብዛት ይመለሳሉ። ይሄ የልጅሽ ጉድለት አይደለም፤ ቦታው ስለሌለ ነው።

የኛ ታሪክ እንዲህ ነው። ልጄ ሰባት ቦታ አመለከተ። አምስቱ እንደ ልጅሽ ምርጫ ከባድ ናቸው። ስድስተኛው "ሴፍቲ ነው" ያልነው፣ ከስቴት ውጭ ያለ የግል ኮሌጅ ነበር። ሰባተኛውን የትምህርት ቤቱ አማካሪ ስለወተወተችን ብቻ በመጨረሻው ሰዓት ጨመርነው። ማርች ላይ አምስቱም አይሆንም አሉ። ሴፍቲ ያልነውም ዌይትሊስት አደረገው፣ ቦታ ከተረፈ ጠብቅ ማለት ነው! ማርኩ ከነሱ አማካይ በላይ ነበር። በኋላ ነው የገባን። ልጁ አንድ ቀን ኮሌጁን አልጎበኘም፣ ኢሜይላቸውን አልከፈተም፣ ድርሰቱንም በአንድ ማታ ነው የጻፈው። አንዳንድ ኮሌጆች "ይሄ ልጅ እኛ ጋ አይመጣም" ብለው ካሰቡ ቦታውን ለሌላ ይሰጣሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ደረሰብን። ያን ሳምንት ልጄ ከክፍሉ አልወጣም። እኔም ማታ ማታ አለቅስ ነበር።

ያተረፈችን ያቺ ሰባተኛዋ ናት፤ ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ ኦፍ ሜሪላንድ። እዚህ ላይ ልብ በዪ፣ ብዙ ሐበሻ አያውቃትም። የመንግሥት ናት፣ ግን ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ናት፤ ከ2,000 ያነሰ ተማሪ ነው ያላት። ወንዝ ዳር ያለች፣ ከኛ ሰፈር በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። ክፍያዋ ለስቴቱ ነዋሪ ነው የተተመነው፤ ከሚያመለክተውም አብዛኛውን ትቀበላለች። ልጄ ዛሬ እዚያ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነው፣ ከፕሮፌሰሩ ጋር የወንዙን ውኃ ያጠናል። ቅር ብሎት ገባ፤ አሁን በበጋ እረፍት እንኳ ቤት ና ስለው አይመጣም።

ስለዚህ ለኔ ሴፍቲ ማለት ልጅቷን እንደሚቀበላት የማትጠራጠሪበት፣ ያለ ምንም ተአምር ልትከፍሉት የምትችሉት፣ እሷም ደስ ብሏት የምትሄድበት ቦታ ነው። አንዱ ከጎደለ ሴፍቲ አይባልም። በዚህ መለኪያ ኮሌጅ ፓርክ አይሆንም። ጎበዝ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ታመልክት፣ እስከ ኖቬምበር 1 ባለው ቀን ታስገባ። ነገር ግን ከአመልካቾቹ ግማሽ ያህሉን ይመልሳል። ከሱ ጋር ሴንት ሜሪስንና ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤምቢሲን ወይም ታውሰንን ጨምሪበት። ሞንጎመሪ ኮሌጅም የኛ ልጆች የሞሉበት ነው፤ ሁለት ዓመት ተምሮ መዛወር ነውር የለውም።

ከከባዶቹና ከሴፍቲው መሐል ያለው ነው ብዙ ቤተሰብ የሚዘለው። ሴት ልጄ አሁን ያለችው ብሪን ማር ነው፣ ፊላደልፊያ አጠገብ። የሴቶች ኮሌጅ ስለሆነ መጀመሪያ "አልፈልግም" ብላ ነበር፤ ሄዳ ስታየው ሐሳቧን ቀየረች። የመግባት ዕድሉ ከስዋርዝሞር በጣም ይሻላል። የሚገርመው ደግሞ ሀቨርፎርድና ስዋርዝሞር ሄዳ ኮርስ መውሰድ ትችላለች። ማውንት ሆልዮክም እንደዚሁ ከአምኸርስት ጋር ኮርስ ይጋራል። ልጅሽ ስዋርዝሞርንና አምኸርስትን ከወደደች ብሪን ማርንና ማውንት ሆልዮክን ሳታይ አትለፍ። ዲኪንሰንና ጌቲስበርግ የሚባሉት ኮሌጆችም ከኛ ሩቅ አይደሉም፤ አንድ ቅዳሜ ነድታችሁ ሂዱ።

ቁጥሩን ካልሽ አስር አካባቢ ይበቃል። ሁለት ሴፍቲ፣ አራት ወይም አምስት መካከለኛ፣ የቀረው ህልሟ። ከዚያ በላይ ከሆነ ድርሰቱ ይሳሳል።

አሁን ገንዘቡ። የተጻፈውን ዋጋ አይተሽ አትደንግጪ፣ እንደ መጨረሻ ዋጋም አትቁጠሪው። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር አለው፤ ከድጋፉ በኋላ እናንተ የምትከፍሉትን የሚገምት ነው። ማንም ሳይወስን በፊት አንቺና ባለቤትሽ ከነታክስ ወረቀታችሁ ተቀመጡና ለሁሉም ሙሉት። ባለቤትሽ እንደኔው ባል ታክሲ ወይም የራሱን ሥራ የሚሠራ ከሆነ ግን የሚወጣው ቁጥር ሊያሳስት ይችላል፤ ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ በመጥፎ እንግሊዝኛዬ ደውዬ አንዴም አላመናጨቁኝም።

ዊሊያምስ ከ2022 ጀምሮ ድጋፉን ያለ ብድር በግራንት፣ በማይመለስ ገንዘብ፣ ብቻ ነው የሚሰጠው። ብሪን ማርም ለተቀበላቸው የሚያስፈልጋቸውን ያሟላል። ሁሉም እንደዚህ አይደለም። ወንድ ልጄን የተቀበለው አንድም ሌላ ቦታ ስላልነበረ ያኔ አላወቅነውም፤ በሴት ልጄ ጊዜ ግን አንድ ኮሌጅ ትልቅ "ስኮላርሺፕ" ብሎ ላከልን፣ ቀሪውን ስናሰላ በየዓመቱ መበደር ነበረብን። ትተነው ሄድን።

ከፋፍሳ፣ ከመንግሥት የትምህርት ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ፣ ሌላ ብዙዎቹ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል የቤተሰቡን ገቢና ንብረት የሚጠይቅ ቅጽ ይፈልጋሉ። እዚያ ላይ ልዩ ሁኔታ የሚጻፍበት ቦታ አለ። አዲስ አበባ ላሉት እናትሽ በየወሩ የምትልኪው ካለ፣ ለወንድም ትምህርት የምትከፍዪ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ጻፊው፣ ደረሰኙንም ያዢ። ማንም ዝም ብሎ አይገምትልሽም፤ ሁሉም ባይቆጥሩትም የሚያዩት አሉ። የሜሪላንድ ድጋፍ እንዳያመልጣችሁ ፋፍሳውን ከማርች 1 በፊት ጨርሱ።

ኧርሊ ዲሲዥን ለሚባለው፣ ለአንድ ኮሌጅ ቀድሞ ለሚገባው ማመልከቻ፣ ከገባች ሌላውን መተው ግዴታ ስለሆነ፣ ካልኩሌተሩ የሰጣችሁን ቁጥር ባልሽም አንቺም ሳትጨነቁ እንከፍላለን ካላላችሁ አትፈርሙ።

ዛሬ ማታ የምትጀምሪው ይሄን ይሁን፤ ልጅሽን ጠርተሽ ሴንት ሜሪስን አብራችሁ ተመልከቱ፣ የጉብኝት ቀንም ያዙ። ሲኤስኤስ ላይ ከተቸገርሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት አብረን ቁጭ ብለን እንሞላዋለን።