ግራፍኪውኤልን በተርሚናል ብቻ ስለመፈተሽ፦ መጀመሪያ ሁለት አካውንት ክፈት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ሁለት ነው፦ 4 ጊጋ ራም ያላት ላፕቶፕህ ቡርፕን (ባለ መስኮቱን የድረ ገጽ መፈተሻ) ስለማትችል የእንግዳ ማረፊያውን የግራፍኪውኤል ኤፒአይ (ድረ ገጹ ከሰርቨሩ መረጃ የሚጠይቅበትን በር) በተርሚናል ብቻ መፈተሽ ይቻላል ወይ? ኢንትሮስፔክሽን (ሰርቨሩ የሚቀበላቸውን ጥያቄዎች ዝርዝር ራሱ የሚናገርበት) ተዘግቶ ካገኘኸውስ «ደህና ነው» ብለህ ሪፖርት ብትጽፍ ያስኬዳል ወይ? የመጀመሪያው ይቻላል። ሁለተኛውን እንዳታደርገው።

ካቻምና እዚሁ ጎንደር፣ ከጥምቀት በፊት፣ የአንድ ማረፊያ ቦታ ማስያዣ ስፈትሽ ከከርል (ጥያቄ መላኪያ) እና ከጄኪው (የጄሰን መልስ ማንበቢያ) ሌላ ብዙም አልነካሁም። መብራቱ እንደምታውቀው ነው፤ እያንዳንዱን መልስ ፋይል ላይ እያስቀመጥክ ከሄድክ ሲመጣ ካቆምክበት ትቀጥላለህ።

ስልክ ላይ ስለሆንኩ ትእዛዙን ቃል በቃል አልጽፍልህም፣ መንገዱን ልንገርህ። ኩዌሪውን (የመረጃ ጥያቄውን) ፋይል ውስጥ አድርገውና ከርል ከዚያ እንዲያነብ ከፋይሉ ስም ፊት የአት ምልክት (@) አድርግ፤ ጄሰንን ሼል ላይ በጥቅስ ምልክት ልጠቅልል ካልክ ግማሽ ቀንህ ሄደ። ቶከኑንም (ማንነትህን የሚያሳየውን የመግቢያ ቁልፍ) በሄደር ፋይል ስጠው፣ አለዚያ ሂስትሪህ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። የስታተስ ኮዱን፣ የመልሱን መጠንና የፈጀውን ጊዜ በከርል የራይት አውት አማራጭ አሳትም። ኮዱን ግን አትመነው። ግራፍኪውኤል «አልተፈቀደልህም» እያለህም ብዙ ጊዜ የሚመልሰው 200 (ተሳክቷል) ነው፤ እውነቱ ያለው ኤረርስ የሚለው ዝርዝር ውስጥ ነው። እኔ በጀማሪነቴ 403 (ተከልክሏል) የሚፈልግ ሉፕ ሌሊቱን ሙሉ አስኬጄ፣ ጠዋት «ሁሉም ክፍት ነው!» ብዬ ደንግጬ ነበር።

ወደ ኢንትሮስፔክሽኑ ስንመጣ፣ የተደበቀው የስኪማው (የኩዌሪዎቹና የፊልዶቹ) ዝርዝር ብቻ ነው። የድረ ገጹን ጃቫስክሪፕት በከርል አውርደህ ኩዌሪና ሚውቴሽን (መረጃ የሚቀይር ጥያቄ) የሚሉትን በግሬፕ (በቃል መፈለጊያው) ፈልግ፣ ብዙውን እዚያ ታገኘዋለህ። የፊልድ ስም ሆን ብለህ አሳስተህም ላክ፤ «ይህን ማለትህ ነው?» ብሎ ትክክለኛውን የሚነግርህ ሰርቨር ብዙ ነው። ክሌርቮያንስ የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ ከቃላት ዝርዝር እየወሰደ በራሱ ይሠራልሃል።

ጊዜህን የምታጠፋበት ግን ይሄ ነው፦ ሁለት አካውንት ክፈትና በሁለቱም ክፍል ያዝ። እኔ የፈተሽኩት ላይ የማስያዣው መለያ የተዘባረቀ ረጅም ፊደል ነበር፤ ገንቢው «ይህን ማን ይገምተዋል?» አለኝ። በቤዝ 64 (ማንም መልሶ የሚፈታው አጻጻፍ ነው) ስፈታው «ቡኪንግ፣ ሁለት ነጥብ፣ 1042» ይላል። የሁለተኛው አካውንቴ ደግሞ 1043። ይህን ቁጥር ተክቼ፣ መልሼ ኢንኮድ አድርጌ በመጀመሪያው አካውንት ቶከን ላክሁት። ስም፣ ስልክ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ሁሉም ፊቴ ተዘረገፈ። እዚያው አቆምኩ፤ 1044 የእውነተኛ እንግዳ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም። ኦዋስፕ (የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅት) እ.ኤ.አ. በ2019ም በ2023ም የኤፒአይ አደጋዎች ዝርዝሩን የጀመረው በዚሁ ችግር ነው።

ገንቢው በማግስቱ «ዘግቼዋለሁ» አለ። ዋናውን ኩዌሪ እውነትም ዘግቶታል። እኔ ግን ከክፍሉ ተነስቼ ወደ ማስያዣዎቹ፣ ከማስያዣዎቹ ወደ እንግዳው ስወርድ ያው መረጃ ወጣ። ፈቃዱ የሚፈተሸው አንድ ኩዌሪ ላይ ብቻ ከሆነ በፊት ለፊት የከለከለህ በጓሮ ያስገባሃል። ስለዚህ ወደ አንድ ነገር የሚያደርሱትን መንገዶች ሁሉ ሞክር።

አሊያስንም (ለአንድ ኩዌሪ የተለያየ ስም መስጠትን) አትርሳ። የማረጋገጫ ኮድ የሚቀበለውን ሚውቴሽን በአንድ ጥያቄ ውስጥ ስም እየቀያየርክ አሥር ጊዜ በተሳሳተ ኮድ ላከው፣ በራስህ አካውንት። የሙከራ ገደቡ የሚቆጥረው የኤችቲቲፒ ጥያቄን ከሆነ አሥሩን እንደ አንድ ያልፋቸዋል። ኤስኪውኤል ማፕን (የዳታቤዝ ቀዳዳ ፈላጊውን) መጨረሻ ላይ፣ ጽሑፍ የሚቀበል መፈለጊያ ካገኘህ ብቻ አውጣው። ብዙ ልጅ በሱ ይጀምርና በሱ ይጨርሳል።

አንድ ያፈርኩበትን ልንገርህ። ፉፍ (ብዙ ጥያቄ በፍጥነት የሚልክ መሣሪያ) ካልነገርከው በአንዴ 40 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ነው የሚለቀው። ጥር 9 ቀን፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ሳለ ለቀቅሁት። ባለቤቱ ደወሉ፦ «ልጄ፣ ምን አደረግከው? እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ቆሞብኛል!» ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ በባጃጅ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ፣ ሰውየው ቡና ጋብዘው ሸኙኝ እንጂ። አሁን አንድ ትሬድ፣ በሴኮንድም ሁለት ጥያቄ ነው የምለው። የኩዌሪ ጥልቀትን (ፊልድ በፊልድ ውስጥ የሚደራረብበትን) ስትፈትሽም ከ3 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 7 እያልክ ሰዓቱን ተመልከት፤ ጊዜው በእጥፍ መጨመር ከጀመረ ማስረጃህን አግኝተሃልና ተው። ሰርቨሩን መጣል አይጠበቅብህም።

ደግሞ «ፈትሽልኝ» በቃል አይበቃም። ዶሜኑን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የያዘ የተፈረመ ወረቀት ያዝ፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባት ወንጀል ነው። የሙከራ ኮፒ ካላቸው እሱን ጠይቅ።

ኤረርሱ ግራ ካጋባህ ቶከኑንና የሰው ስሙን አጥፍተህ እዚህ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።