ጥያቄና መልስ፦ ጋብቻ፣ የብዙኃን ድምፅና የሰፈራችን ልጅ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አሜሪካ ካለው ወንድሜ ጋር በስልክ ተጨቃጨቅን። እዚያ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የተፈቀደው በፍርድ ቤት እንጂ በሕዝብ ድምፅ አይደለም፤ የጥቂቶች መብት በብዙኃን ድምፅ አይወሰንም አለኝ። እኔ ደግሞ ብዙኃኑ ያልተቀበለው ነገር እንዴት ሕግ ይሆናል አልኩት። ሰሞኑን ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ «እንዲህ ነው አሉ» ተብሎ ተደበደበ። የገላገለው የለም። እኔም ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ምን ትላለች?

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ ያጣሽው ልብሽ ስላልደነደነ ነው። ስለ ልጁ ብዙ የምለው አለኝ። አስቀድሜ ግን የጋብቻውን ነገር ልመልስልሽ፤ እሱ አጭር ነው።

ጋብቻ ከሰባቱ ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በተክሊልና በቅዱስ ቁርባን አንድ ሥጋ ይሆናሉ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የተናገረውን ይዘን ነው የምናስተምረው። ይህን ቤተ ክርስቲያን አትለውጠውም። እኔም የማስተምረው አምኜበት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን ትምህርት የያዝነው ብዙ ስለሆንን ነው? ነገ እዚሁ ከተማ ድምፅ ተሰጥቶ ብንሸነፍ ትምህርታችንን እንተዋለን? አንተውም። እንግዲያው «ብዙኃኑ ያለው» የሚለው ክርክር የእኛ አይደለም። እምነታችንን ያልመሠረትንበትን ነገር ሌላውን መምቻ ዱላ ልናደርገው አይገባም።

ደግሞ ወንድምሽም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ከልክሎ ነበር፤ የደገፈው 52 በመቶ ያህል ነው። በ2012 ግን ሜይን፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን የሚባሉት ግዛቶች በሕዝብ ድምፅ ፈቀዱት። አየርላንድም በ2015 ፈቀደች፤ 62 በመቶው ደገፈ። ድምፅ ዛሬ ወዲህ ነገ ወዲያ ይላል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ በመላ አገሪቱ እንዲፈቀድ ወሰነ። አምስቱ ዳኞች ማግባት መሠረታዊ መብት ስለሆነ የሕዝብ ድምፅ አይጠበቅበትም አሉ። የተቃወሙት ደግሞ ይህን መወሰን ያለበት ሕዝቡ ነው አሉ። አንቺና ወንድምሽ በስልክ የተጨቃጨቃችሁት እነዚያ ዳኞች የተከራከሩበትን ነው።

ያ ፍርድ ለእኔ የጋብቻን ትርጉም አይለውጥም። ነገር ግን ጥቂቶችን ከብዙኃን የሚጠብቅ አጥር ያስፈልጋል የሚለውን አልንቅም። እዚያ አገር ያሉ ምእመናኖቻችን እፍኝ የማይሞሉ ናቸው። ሌሊት ቆመው የሚቀድሱት፣ የሚጾሙት፣ ልጆቻቸውን ክርስትና የሚያስነሱት በዚያው አጥር ተጠልለው ነው። ካህናቶቻችንንም ማንም በግድ ተክሊል አድርሱ አይላቸውም።

እኛም አገር ያጥር ያለህ የሚያሰኝ ነገር ሞልቷል። እኔ ያደግሁት እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ወይጦ፣ ከጣና ዳር ታንኳ ሠሪዎች ወገን የሆነ ሰው፣ ደንገል ተሸክሞ በደጃችን ሲያልፍ ውኃ ለመነ። እናቴ ደግ ሴት ነበረች። ጣሳውን ግን አልሰጠችውም። ሰውዬው ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋ፤ እሷ ከላይ አፈሰሰችለት። ጎንበስ ብሎ ከመዳፉ ጠጣ። የተረፈው በክንዱ ወርዶ እጅጌውን አራሰው። አመስግኖ ሄደ። ምን አድርጎ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ጉማሬ ይበላሉ» አለችኝ። ታንኳቸው ያመጣውን እንጨት እናነድ ነበር፤ በጣሳችን ግን አናጠጣቸውም ነበር። በዚህ ላይ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቃል ነበር። ድምፅ ቢሰጥበት ወይጦዎቹ አንድም ቀን አያሸንፉም። ያ የራሰ እጅጌ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሕጋችን ምን ይላል ካልሽ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ያስቀጣል። ደብዳቢዎቹ ይህን ሊጠቅሱልሽ ይችላሉ። የሚፈርደው ግን ፍርድ ቤት ነው፤ መንገድ ላይ የተሰበሰበ ጎረምሳ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 16 ማንም ሰው አካሉ እንዳይጎዳ ይጠበቃል ይላል። በወሬ ሰው መደብደብ በሕግም ወንጀል ነው፣ በእግዚአብሔርም ፊት ኃጢአት ነው። ወሬው እውነት ቢሆንስ? ያው ኃጢአት ነው።

አሁን ስላንቺ። የዳጋ ደሴት ገዳም በማን ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በቅዱስ እስጢፋኖስ። እሱን የወገረው አንድ ሰው አይደለም፤ ጉባኤው በአንድ ልብ ሆኖ ነው የሮጠበት። ሳውል ግን ድንጋይ መወርወሩ አልተጻፈም። የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር። ቆሞ ያይ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ጳውሎስ ተብሎ፣ ሐዋርያ ሆኖ፣ ያንን ቀን አልረሳውም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22ን አንብቢ፤ ደሙ ሲፈስ እኔ በአጠገቡ ቆሜ ተስማምቼ ነበር ብሎ በአንደበቱ ይናዘዛል። እንቅልፍ የነሳሽ ይኸው ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። አታሳጥሪው፤ ማን ምን እንዳለ፣ አንቺ የት እንደቆምሽ ሳትደብቂ ንገሪ።

ከዚያ ልጁን ሄደሽ ጠይቂው። የታመመ ሰው ሲጠየቅ እንደሚደረገው ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ቁስሉ እንዴት እንዳደረ ጠይቂው፤ ስለ ወሬው አትጠይቂው። እናቱንም አይዞሽ በያት፤ እስካሁን ደጇን የረገጠ ሰው ላይኖር ይችላል። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ በሩ ላይ ጠብቂኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ።